ዝም በሉ፣ ይጽፈናል

መጽሐፎቹን ብቻ አንብቦ መምህር ባንተይርጋን ሊያይ የሚመጣ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ልጆች ሆዳቸውን ይዘው የሚንከባለሉበትን ነገር የጻፈ ሰው ቢያንስ ቢያንስ ፈገግ የሚል ፊት ይኖረዋል ብሎ ነዋ የሚመጣው። የሚያገኘው ግን ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ገና ሰላም ሳይሉት ይቅርታ ሊጠይቅ የተዘጋጀ የሚመስል ሰው ነው። አንዴ ከደሴ የመጣች ጋዜጠኛ "እስኪ አንድ ቀልድ ይንገሩን" ብትለው ረጅም ጊዜ አሰበና "አሁን ምንም የለኝም" አላት። ልጅቷ ቴፗን አጥፍታ ሄደች። እኔ በበኩሌ አንጀቴ አረረ፤ ስንት ነገር እያለው!

እኔ ይበልጣል እባላለሁ፤ ከሚሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከባንተይርጋ ጋር በአንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ለይቶን ስንኖር ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምለው በግድግዳው ነው። ሚስት አላገባም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር በግድግዳ አይጠየቅም። ስለዚህ ስለሱ ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ ካለም ይምጣና ይናገር።

በ1986 ዓ.ም. ከጎጃም ተመድቦ ከሚሴ ሲወርድ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የተሰጠው አማርኛ ነው፤ ያውም የከሰዓት ፈረቃ። የከሚሴን ከሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆኖ ያላሳለፈ ሰው ስለ ትዕግሥት ባያወራ ይሻላል። ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ሌላውንም ትምህርት የሚማሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ለነሱ የእንቅልፍ ሰዓት ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ደግሞ እጅ ስለ መታጠብ ሦስት ገጽ ሙሉ ምንባብ አለው። ባንተይርጋ አንድ ቀን ምርር ብሎት መጽሐፉን ዘጋና ጥርሱን ለፍየል ያዋሰ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

የተኛው ሁሉ ነቃ። ልጆቹ ታሪኩን በደብተራቸው ገልብጠው ወሰዱት፤ የአጎታቸው ልጆች ደግሞ ከነሱ ገለበጡት፤ በወሩ ፍየሏ ሰንበቴና ጨፋ ሮቢት ደርሳ ነበር። ሱፐርቫይዘር መጥቶ ሰሌዳው ላይ ሌላ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያገኝ "ከመርሐ ትምህርቱ ውጭ" ብሎ መዘገበበት። መዝግቦ ሲጨርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለመሆኑ ፍየሏ ጥርሱን መለሰችለት?" ብሎ ጠየቀው። ባንተይርጋ ደራሲ የሆነው ያን ቀን ይመስለኛል። በ1996 የመጀመሪያ መጽሐፉን ደሴ አሳተመ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ በየትምህርት ቤቱ አዞረው። ልጆቹ በአማርኛ እያነበቡ በኦሮምኛ ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ወሬ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ እንድሪስ ይግባ። እንድሪስ የከብት ደላላ ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይውልና አመሻሽ ላይ ከአይሱዙ ወርዶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የባንተይርጋ ደፍ ላይ ይቀመጣል። ባንተይርጋ ሻይ ያፈላል። እንድሪስ ይተርካል፤ የገዢውን ድምፅ፣ የሻጩን ድምፅ፣ የበሬውን ድምፅ ሳይቀር እያወጣ። ማንበብ አይችልም፤ ግን የአንድን ቀን ገበያ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያስቀር ይነግርሃል። እኔም ወንበሬን አውጥቼ እቀላቀላቸዋለሁ። እንድሪስ ሲሄድ የባንተይርጋ መብራት ይበራል፤ መጻፉ ነው።

ባንተይርጋ ከእኔ ሌላ በከተማው የነበረው ቤተሰብ የእንድሪስ ቤት ነበር። ሚስቱ ዘይና ሥጋ በምትሠራበት ቀን ለሱ ለብቻው ሽሮ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም በረመዳን ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ ይውልና ከነሱ ጋር ያፈጥራል። "ያንተ ጾም የቱ ነው?" ብለው ሲያሾፉበት "የተገኘው" ይላል። ሪሀና የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ታሪኮቹን ገና በእጅ ጽሑፍ ሳሉ የምታነብለት እሷ ነበረች፤ ካልሳቀች ገጹን ቀዶ ይጥላል። በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በዘጠኝ ዓመቷ ወባ በሦስት ቀን ወሰደቻት። ባንተይርጋ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወር የጻፈው ነገር አልነበረም። እንድሪስም እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

የዚያኑ ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አንድ እሑድ መጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠና "ስማ ባርሲሳ" አለ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። "ስማ ባርሲሳ፣ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ዘይና ቦራን ሸጠህ ና አለችኝ።" ቦራ ላማቸው ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት አለባት። "ሰንበቴ ወሰድኳት። አንድ የመንዝ ሰው ወደዳት። እኔ ደግሞ ምን ልበለው? ትራገጣለች አልኩት! ሳቀ። ትዋጋለች አልኩት! ወተቷስ አለኝ። ውሃ ነው፣ ሻይ ብታፈላበት ቀለም አይለውጥም አልኩት። ጥሎኝ ሄደ። በሌላው እሑድ ደግሞ ወሰድኳት። ሌላ ገዢ መጣ። ትራገጣለች! በሦስተኛው እሑድ ደላሎቹ ራሳቸው ገዢ ሲመጣ፣ ሂድ፣ ይቺ ትዋጋለች እያሉ ይመልሱልኝ ጀመር!"

"ለዘይናስ ምን አልካት?" አልኩት እኔ፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ።

"ገበያው ሞቷል አልኳት። አቦ፣ ሃያ ዓመት የሰው ከብት ሳሞግስ ኖሬ፣ የራሴን ሳማ ዋልኩ!"

ሳቅን። ባንተይርጋ እንኳ ሳቀ፤ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። እንድሪስ ተመልሶ መጣልን ብለን ደስ አለን። እሱም ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ ትንሽ ተቀመጠና ሄደ። ግድግዳው ማዶ መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደ በራ አላውቅም፤ እኔ ተኛሁ።

"ላሙን የሚያማው ደላላ" በ2001 መጨረሻ ታተመ። ከመጽሐፎቹ ሁሉ የተሸጠው እሱ ነው። የጥንቃቄ ነገር ከተነሣ ባንተይርጋ የሚችለውን አድርጓል፤ እንድሪስን "አባ ገበያው" ብሎታል፣ ሰንበቴን ባቲ አድርጎታል። የላሚቱን ስም ግን አልቀየረም። "ቦራ ደስ የሚል ስም ነው፣ ልጆች ይወዱታል" አለኝ። እኔም ረቂቁን አንብቤ እንዳለ ይሁን ያልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ሌላ ሰው ልሁን አልልም። ደግሞስ በዚህ ሀገር ላሙን ሦስት እሑድ ወስዶ ሦስት እሑድ የመለሰ ደላላ ስንት አለ? በሳምንቱ ልጆቹ እንድሪስን በመንገድ ሲያዩት "አባ ገበያው" ብለው ይጠሩትና አንዱ ወገን "ትራገጣለች!" ሲል ሌላው "ትዋጋለች!" እያለ ይቀበል ጀመር።

እንድሪስ በዚያ እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ባንተይርጋ ቤቱ ሄዶ ቢያንኳኳ ከውስጥ መልስ አጣ። ገበያ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንድሪስ "አካም፣ ሰላም ነው? ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" ይልና ያልፋል። ዘይና ባቲ ወንድሟ ቤት ሄዳለች ሲባል ሰማን፤ ለጥየቃ መስሎን ነበር።

ከዚያ የከተማው ተራ ሆነ። ባንተይርጋ ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ቀልደኛ "ዝም በሉ፣ ይጽፈናል!" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ባንተይርጋም ሊስቅ ሞከረ። በሌላው ሳምንት ያንኑ ሲሉ ሳቁ ቀነሰ። በወሩ ቃሉን የሚናገር ሰው እንኳ አላስፈለገም፤ እሱ ሲገባ ወሬው ይቆምና ስለ ዝናብ ይሆናል። መምህራን ማረፊያ ውስጥም እንደዚያው ነው። አከራያችን እትዬ ሙሚና እንኳ፣ ወትሮ የጎረቤቱን ሁሉ ገመና ስትዘረግፍለት የነበረችው፣ "ጤና ይስጥልኝ" ብላ በሯን መዝጋት ጀመረች። ልጆች ግን ይወዱታል። በየመንገዱ ከበው መጽሐፉን ያስፈርሙታል። ይፈርምላቸዋል፤ ከዚያ ብቻውን ወደ ቤቱ ይመጣል። ብቸኛ ሆነ፤ ሌላ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

እሑድ አመሻሽ ላይ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ከሰንበቴ የሚመጡት አይሱዙዎች አንድ ሁለት እያሉ ሲያልፉ ይሰማል። የመጨረሻው ሲያልፍ ተነሥቶ በሩን ይዘጋል። ከዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንድሪስ መጥቶ ደፉ ላይ እንዲቀመጥለት። "ስሙን ቀየርኩ፣ ከተማውን ቀየርኩ፣ ምን አድርጌ ነው?" ይለኛል። "ቅጽል ስሙ ከንክኖት ነው፤ ያልፋል" እለዋለሁ። እኔ ከሒሳብ ውጭ ስናገር አብዛኛውን ጊዜ እሳሳታለሁ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆነ። ባንተይርጋ ያልተሸጡትን መጽሐፎች ከየትምህርት ቤቱ ሰብስቦ አልጋው ሥር ከመራቸው። ማተሚያ ቤቱ ድጋሚ እናትመው ቢለው እምቢ አለ። በመጨረሻም ሼህ ዑመር ዘንድ ሄድን፤ በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩን ሰምተው "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል ነበር፤ የጽሑፍማ እንዴት ይሆን?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ጊዜ እንድሪስ ጋ ተመላለሱልን። በሦስተኛው "ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኑ ብሏል" አሉን።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እንድሪስንም ዘይናንም አስፈቅጄ ነው። ያንን ያህል ተምሬያለሁ።

እንድሪስ ራሱ በር ከፈተልን። "ኮቱ፣ ታኢ ባርሲሳ" አለ፤ ና፣ ተቀመጥ ማለቱ ነው። የእጅ ውሃ ራሱ አመጣ፣ ሻዩንም ራሱ ቀዳ። ቤቱ የሴት እጅ ካየ እንደ ቆየ ያስታውቅ ነበር። ሼህ ዑመር ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ባንተይርጋ ተነሣ፤ የተናገረው እንደ ተማሪ ቆሞ ነው። "እንድሪስ፣ አፉ በለኝ። የመንገድ መሳቂያ አደረግኩህ። ልጆቹ የሚጠሩህን ስም እኔ ነኝ ያመጣሁብህ" አለ።

እንድሪስ ገርሞት አየው። "ስሙ? ስሙማ ምን አለው። ልጆች ናቸው፤ ይጮሁና ይተዋሉ። እኔም ስቄበታለሁ" አለ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን አነሣ። ሼህ ዑመር "በል ልጄ፣ በሆድህ ያለውን አውጣው" አሉት።

"ቦራ የማን እንደሆነች ታውቃለህ ባርሲሳ?"

ባንተይርጋ አያውቅም። እኔም አላውቅም።

"የሪሀና ናት። እትብቷ የተቆረጠ ለት የሰጠኋት ጥጃ ናት። እኛ ሀንዱራ እንለዋለን። ለልጅ የተሰጠ ሀንዱራ ከልጁ ጋር ነው የሚያድገው፤ የሱ ነው። ሪሀና ስታልፍ ዘይና ላሚቱ በጠዋት ስትጮህ መስማት አቃታት። ሽጣት፣ ዓይኔ አይያት አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ እሷን ከሰጠሁ ሌላ ምን ይቀረኛል? ገበያው ሞቷል አልኳት። አመነችኝ። እያለቀሰች አንድ ዓመት አለበቻት።" ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ሰልማ የምትባል የጎረቤት ልጅ መጽሐፍህን ይዛ መጣች። ዘይናም ባርሲሳ የጻፈው ነው? እስኪ አንብቢልኝ አለቻት። ደስ ብሏት እኮ ነው። ቦራ የሚለውን ስትሰማ ሳቀች። ገበያው ሞቷል የሚለው ጋ ሲደርስ ይበቃል አለቻት። በነጋታው ባቲ ሄደች።"

ባንተይርጋ ቆሞ እንባው ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

"ምነው ያኔ በነገርከን?" አልኩ እኔ፣ አፌ አያርፍ።

"ነገርኳችሁ እንጂ!" አለ እንድሪስ፤ ያን ቀን ድምፁን ከፍ ያደረገው ያኔ ብቻ ነው። "ሆዴ ሊፈነዳ ሲል መጥቼ ነገርኳችሁ። በለቅሶ ልነግራችሁ አልቻልኩም፤ ወንድ ነኝ፤ በሳቅ ነገርኳችሁ። ጥርስ ባዳ ነው። ስቄ ስጨርስ ባርሲሳ ለምን አልሸጥካትም ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰው ይጠይቀኝ ብዬ። አልጠየቃችሁኝም።"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቀና ስል የባንተይርጋን ቀኝ እጅ አየሁ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ልቡ እንደ ተሰበረ እምላለሁ። እጁ ግን ወደ ደረት ኪሱ ሄዳ እስክሪብቶውን ይዛ ነበር። እሱ አላወቀም። ሃያ ዓመት ጥሩ ነገር በሰማ ቁጥር የሚያደርገው ነው።

እንድሪስም አየ። ትክ ብሎ ያንን እጅ ተመለከተ፤ ባንተይርጋም የእንድሪስን ዓይን ተከትሎ ወደ ራሱ ደረት ዝቅ ብሎ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ጣላት።

"ጻፈው ባርሲሳ" አለ እንድሪስ፣ በቀስታ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። "ይኼኛው ደግሞ ያስለቅሳቸዋል።"

ከዚያ ተነሥቶ የባንተይርጋን ትከሻ ሳመ። "አፉ ብያለሁ። ወላሂ ከልቤ ነው፤ ቂም የለኝም" አለ። ሼህ ዑመር "አሚን" አሉ። እስከ አጥሩ በር ሸኘን።

እርቁ የውሸት አይደለም። እንድሪስ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። በዚያው ወር ቦራን ሰንበቴ ወስዶ ሸጣት፤ ያዩ ደላሎች እንደ ነገሩኝ ሲያሞግሳት ዋለ፣ ወተቷን፣ ገራምነቷን፣ አንድም ሳይዋሽ። ዘይናም ከባቲ ተመለሰች። በዓል ሲሆን ለባንተይርጋ ሽሮ ታስቀምጥለታለች፤ ሄዶ ይበላል። እንድሪስ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል፣ ስለ ጎጃም ዘመዶቹ ይጠይቀዋል፣ "አብሽር" ይለዋል። ወሬ ግን አንዲት አልነገረውም። እሑድም ከአይሱዙ ወርዶ በቀጥታ ቤቱ ይገባል።

ባንተይርጋ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም። እስክሪብቶም ኪሱ ውስጥ አይዝም፤ ለፊርማ ከእኔ ይዋሳል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ሻይ ቤት ሲገባ ዛሬም ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት።

ከተማውን እንዳልወቅስ እኔም አለሁበት። ባለፈው ሳምንት በወላጆች ቀን ርዕሰ መምህራችን መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት። ቁልፉ ጠፋ። ሰውዬው ንግግሩን በበሩ ስንጥቅ አደረገ፤ ወላጆቹም ፀሐይ ላይ ቆመው ለበሩ አጨበጨቡለት። እንዲህ ያለ ነገር በሃያ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። የሚነግሩት ለባንተይርጋ ነው፤ ሌላ ለማን? እየሳቅሁ ከትምህርት ቤት ሮጬ መጣሁ ማለት ይቻላል። በሩ ላይ ስደርስ ግን ቁልፉ ቀኑን ሙሉ የነበረው በእኔ ኪስ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ። ለእናንተ ስነግራችሁ አልፈራሁም፤ እሱን ፈራሁት። አንኳኩቼ ነበርና በሩን ከፈተ። ፊቴ ላይ የቀረውን ሳቅ አይቶ ትንሽ ፈካ አለ፤ ወንበር ሊስብልኝ ዞር አለ።

"ምን አዲስ ነገር አለ ይበልጣል?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።